ሴራሚክ በምርጫ፣ ቧንቧ በስልክ

አሶሳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ባለፈው መጋቢት በውድቅት ሌሊት ደወለችልኝ። “ጋሼ፣ ግድግዳው ውሃ እየተፋ ነው!” ቦይለሩ ከተሰቀለበት ግድግዳ ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የልጆቹ ፍራሽ ሳይቀር ርሷል። ቦይለሩን የገዛነው ጉልበቷን ለሚያማት እናታችን ነበር።

ቤቱ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ሲሠራ ስለነበርኩበት የማወራው የሰው ሐሜት አይደለም። ለሴራሚክ ሁለት ቀን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ዞረናል። እኔ፣ ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ፣ ስለ ክሬምና ስለ ነጭ ልዩነት ሌክቸር ሰጥቻለሁ። ቧንቧውስ? ቧንቧ ሠራተኛው ልጅ ከሱቅ ደወለ።

“ጋሼ፣ ሁለት ዓይነት ፒፒአር አለ። የቱን ላምጣ?”

“ልዩነታቸው ምንድን ነው?”

“ባለሱቁ ዋጋው ነው ይላል።”

“እንግዲያማ ርካሹን!”

አለቀ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።

አሶሳ ስደርስ ያው ልጅ ልስኑን ፈልፍሎ ቧንቧውን አውጥቶታል። እንደ ደንባችን ልቆጣው ስጀምር፣ “ጋሼ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው የገጠምኩት” ብሎ ቁራጩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ጽሑፍ አለበት፤ “20 በ1.9፣ ፒኤን 10”። 20 የውጭ ስፋቱ ነው በሚሊ ሜትር፤ 1.9 የገላው ውፍረት፤ ፒኤን የሚችለው የግፊት ደረጃ። የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ነው እንግዲህ። ሙቅ ውሃ የሚችለው ወንድሙ፣ ፒኤን 20 የሚባለው፣ የውጭ ስፋቱ ያው 20 ሲሆን ውፍረቱ 3.4 ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ሲለሰልስ ግፊት የመቻል አቅሙ ይወርዳል። ስለዚህ ነው ወፈር ያለው የሚፈለገው። እኛ ቀጭኑን በነጠላ ጫማ ፍም አስረገጥነው። ስንቱን ተማሪ “ጽሑፉን በጥሞና አንብቡ” እያልኩ ያሰቃየሁ ሰው፣ የገዛ ግድግዳችን ውስጥ የገባውን አንድ መስመር አላነበብኩም!

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ፍርዱም ወጣ። “ድሮም ፕላስቲክ! ብረት ቢሆን ኖሮ...”

እኔ የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ብረት ማለት ክብር፣ ፕላስቲክ ማለት ውርደት ነው። ጋልቫናይዝድ የምንለው እኮ ዚንክ የለበሰ ብረት ነው። ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ውስጥ እያበጠ ግማሽ ኢንቹን የውሃ መንገድ የእስክሪብቶ ቀፎ ያሳክለዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ፣ ቧንቧው አንዴ ውሃ አንዴ አየር እየሞላ፣ ዝገቱ ይፈጥናል። ከ60 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ሲገባበት ዚንኩ ብረቱን የመጠበቅ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ጠዋት ጠዋት የሚወርደውን ቡናማ ውሃ የማያውቅ የድሮ ቤት ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ፕላስቲክ ወዳዱም አይሳቅ። ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው የእህቴ ቧንቧ ምዕራብ በሚያየው ግድግዳ ላይ ራቁቱን ተዘርግቶ ነበር። ፒፒአር ፀሐይ አይወድም፤ ጨረሩ እያደር ያደርቀዋል። ልጁ በጣቱ ገፋ ሲያደርገው እንደ ብስኩት ቀጭ አለ! እዚያ ቦታ ብረት ይሻል ነበር፤ ካልሆነም ቧንቧውን መሸፈን። ጥቁሩ ፖሊኢትሊን፣ መሬት ውስጥ የሚቀበረው፣ የተቀላቀለበት ጥቁር ካርቦን ከፀሐይ ይከልለዋል፤ ከቦይለር ጋር ግን አይገጥምም። “የቱ ይሻላል?” የሚል ሰው ጥያቄውን አልጨረሰም። ለየትኛው ውሃ? ለየትኛው ግድግዳ?

ደግሞ አገሩ እንዲህ ያለ ዕውቀት ጠፍቶበት አይደለም። አሶሳ የሽመል አገር ናት። አጥር የሚያጥር ገበሬ ያገኘውን ሽመል አይቆርጥም፤ የዘንድሮውን ቡቃያ ትቶ ሦስት ዓመት የሞላውን ይመርጣል፤ ለጋውን ነቀዝ ይበላዋላ! ዕድሜውን የሚያነበው ከገላው ነው፤ ፊደል አልተጻፈበትም። ዲግሪ የተሸከምነው እኛ የተጻፈበትን አናነብም። በዚያው ክልል፣ ጉባ ላይ፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መርቀናል፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር አሸነፈችን።

ባለሱቁን ነጻ አላወጣውም። “ልዩነቱ ዋጋው ነው” ብሎ መሸጥ ማታለል ነው፤ ሚዛን ከማጉደል በምን ይለያል? ግንባታ የሚቆጣጠረውም ቢሆን፣ አምዱን ለክቶ ሲያበቃ፣ ልስን ከመመታቱ በፊት ቧንቧው ውሃ ተሞልቶ በግፊት መፈተኑን ቢያይ ምን ነበረበት? ልስን ከተመታ በኋላ ማን ያየዋል! “ገንዘብ የለንማ” ለሚለኝ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ ለሴራሚኩ ነበረን።

ከልጁ ጋር ተያይዘን ሱቅ ሄድን። አቧራውን በመሐረቤ ጠርጌ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ “20 በ3.4፣ ፒኤን 20”። ሻጩ ሳቀ። “አባቴ፣ ቧንቧ የሚያነብ ደንበኛ ገና ዛሬ አየሁ።”

ግድግዳው እስኪደፈን እናታችን ከሰል ላይ በሞቀ ውሃ ስትታጠብ ሰነበተች። ያ ሁለት ቀን የዞርንለት ክሬም ሴራሚክ ከገበያ ጠፍቷል፤ የተተካው ነጭ ነው።