በአጥር ጫፍ ላይ ስለሚተከል ስለት



ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተማችን በሰቆጣ የግንብ አጥር እየበዛ ሄዷል። በላቡ ያገኘውን ንብረት ከሌባ ለመጠበቅ የሚጣጣር ሰው አይነቀፍም። ነገር ግን በግንቡ ጫፍ ላይ ስለሚተከለው ነገር በቂ አሳብ የተደረገበት ስላልመሰለኝ ጥቂት ቃል እንድሰነዝር ይፈቀድልኝ።

በዋግ ኽምራ ደጋ የነበሩት አባቶቻችን ድንጋይ ክበው በላዩ የግራር እሾህ ይደፉበት ነበር። እሾሁ ከሩቅ ይታያል፤ የማያየው የለም። ዛሬ ግን እንደ አዲስ አበባ ሰው የጠርሙስ ስብርባሪ በሲሚንቶ መሰካት ተለምዷል። ርካሽ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ የሚጎዳው ማንን ነው? ሌባ ሲመጣ ጆንያ ወይም የታጠፈ ጋቢ ይዞ ይመጣል፤ በስብርባሪው ላይ ጣል አድርጎ ይሻገራል። ኳሱ የገባችበት ልጅ ግን ከባዶ እጁ በቀር የያዘው ነገር የለም። ከተማሪዎቼ አንዱ በዚህ ዓይነት መዳፉ ተሰንጥቆ ሁለት ጣቶቹ እስከ ዛሬ አይታጠፉም፤ የሚጽፈው በግራ እጁ ነው። ከቤቱ ባለቤት ያገኘነው መልስ «ማን ውጣ አለው?» የሚል ብቻ ነበር።

ይህ መልስ የሚበቃ አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ2077ኛው አንቀጽ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው የሙሴ ሕግም (ዘዳግም 22፥8) አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ሰው ከጣሪያው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅለት ያዝዛል። ያ ትእዛዝ ስለ ወዳጅና ስለ ጠላት አይለይም።

እንግዲህ ስለት የግድ ከሆነ፥ በያጅ የሚሠራው ጫፉ የሾለ ብረት ከጠርሙስ ይሻላል እላለሁ፤ ቁመቱ ከሰማይ ጋር ለይቶ ይታያልና። ሾኻማ ሽቦም ቢሆን፥ ግሊደን የተባለው አሜሪካዊ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1874 የፈጠራ መብት ሲያገኝበት ለከብት መከልከያ ነበር፤ ከብት አንዴ ከነካው ወዲያ አይጠጋውም። ብረቱ ግን ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው በማይደርስበት ከፍታ ይሁን፤ ጫፉም ወደ ላይ እንጂ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና የተጫኑ አህዮች ወደሚያልፉበት መንገድ አይዘንበል። በጭቃ በተካበ ድንጋይ ላይ በቀጥታ መትከል ከንቱ ድካም ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ በቀዳዳው ሰርጎ ካቡን ያላላዋል። አስቀድሞ ጫፉን በሲሚንቶ መድፈን ያስፈልጋል። ብረቱ እንዳይዝግም ቀለም ይቀባ።

ማዘጋጃ ቤቱም ስለ አጥር ሲወስን ስለ ጫፉ አንድ መስመር ቢጨምርና በትምህርት ቤት ዙሪያ ጠርሙስን ቢከለክል መልካም ነው። እስከዚያው ግን መዶሻ ያለው ሰው የራሱን ጠርሙስ አራግፎ ሊያወርድ ይችላል፤ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሰቆጣ