ጌጁን ብቻ ሳይሆን ዚንኩንም እንጠይቅ

በውጭ አገር የሚኖር ወገን ላቡን አጠራቅሞ ለወላጆቹ ቤት ሲያሠራ፣ ስለ ጣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ስንት ጌጅ ነው? ቀለሙ ምንድን ነው? ዋጋውስ? የጣሪያውን ዕድሜ የሚወስነው አራተኛው ጥያቄ ግን እምብዛም አይሰማም፦ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ግራም ዚንክ አለ? በእኔ እምነት ይህ ቁጥር በግልጽ ያልተነገረለትን ቆርቆሮ ገዢ ሁሉ ሊጠራጠረው ይገባል።

ቆርቆሮ በመሠረቱ ስስ የብረት ላሜራ ነው። ብረት ደግሞ ውሃና ኦክስጅን ካገኙት ይዝጋል። ስለዚህ ላሜራው ከተጸዳ በኋላ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ስታኒስላስ ሶሬል ለዚህ ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር።

ይህ ሽፋን እንደ ቀለም ላይ ላዩን የተቀባ አይደለም። በዚያ ሙቀት ብረቱ ባይቀልጥም የሁለቱ ብረታ ብረት አቶሞች እርስ በርስ ሰርገው ይገባሉ፤ በመካከላቸውም የብረትና የዚንክ ቅይጥ ንብርብሮች ይፈጠራሉ። እነዚህ ንብርብሮች ጠንካራ ቢሆኑም ሲታጠፉ ይሰነጠቃሉ። በመሆኑም ለጣሪያ ላሜራ በሚዘጋጀው ዚንክ ላይ ጥቂት አሉሚኒየም ይጨመራል። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር ቀድሞ ተዋሕዶ እጅግ ስስ ንብርብር በመሥራት የቅይጡን እድገት ይገታል። ቆርቆሮው በማሽን ሲታጠፍ ሽፋኑ የማይላቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ዚንክ ብረትን የሚጠብቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ውሃና አየር እንዳይደርሱበት ይጋርደዋል። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ እየተበላ በጭረቱ ሥር ያለውን ብረት ይታደገዋል። ይሁን እንጂ የሚሠዋ ነገር ያልቃል። ሽፋኑ የሚቆይበት ዘመን ከውፍረቱ ጋር የተመጣጠነ ነውና ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ነው።

ዜድ 275 የሚል ምልክት ያለበት ላሜራ በሁለቱ ገጾቹ ላይ በድምሩ በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ ይዟል፤ ይህም በአንድ ገጽ ወደ 20 ማይክሮን ይጠጋል። ዜድ 100 ግን በአንድ ገጽ 7 ማይክሮን ብቻ ነው። ዚንኩ በዓመት 1 ማይክሮን በሚበላበት አካባቢ የመጀመሪያው ወደ 20 ዓመት ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው በ7 ዓመት ይራቆታል። ሁለቱም አዲስ ሳሉ እኩል ያብረቀርቃሉ፤ ጌጃቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። ጌጅ የላሜራውን ውፍረት እንጂ የዚንኩን መጠን አይናገርምና።

«ወፍራም ሽፋን ዋጋ ያስጨምራል፤ አቅም የሌለው ምን ያድርግ?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ ጣሪያ መቀየር የማይችለው ይኸው አቅመ ደካማ ነው። ስሱን መግዛት የግድ ቢሆንበት እንኳ፣ የሚገዛው ስንት ዓመት እንደሚያገለግለው አውቆ ይግዛ። መረጃ መስጠት ደግሞ ሻጩን የሚያስወጣው ወጪ ከቁጥብ በታች ነው፤ በላሜራው ላይ አንድ መስመር ማተም ይበቃል።

ከግዢ በኋላም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርጥብ ቆርቆሮ ተደራርቦ ከተቀመጠ አየር ስለማያገኝ ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ያወጣል። በግራይንደር መቁረጥ ሽፋኑን ያቃጥላል፤ የሚበተነው የጋለ ብናኝም በቀሪው ገጽ ላይ ዝገት ያስጀምራል። በመቀስ መቁረጥና ዚንክ የተነከረ ምስማር መጠቀም ይመረጣል።

እንግዲህ ገንዘብ ስንልክ አንድ ጥያቄም አብረን እንላክ። ገዢው አጥብቆ የሚጠይቀውን ነገር አምራቹም አስመጪውም በመጨረሻ መጻፋቸው አይቀርም፤ ተቆጣጣሪ ተቋማትም ይህን ግዴታ ቢያደርጉት ብዙ ቤተሰብ ከሚያፈስ ጣሪያ ይድናል።