ከሆስፒታሉ በፊት ቤቱ ይሰናዳ

ከሽንፋ ለቀጠሮ ጎንደር የመጡ አንዲት እናት ያጫወቱኝን ሳስብ ነው ለዚህ ሳምንት ሌላ ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ ትቼ ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት። እኚህ እናት በሕፃንነታቸው የያዛቸው የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግራቸውን አጣሞት በውጭ በኩል ባለው የእግራቸው ጠርዝ እየረገጡ ኖረዋል። ቡናና ሻይ እየሸጡ አራት ልጆች ያሳደጉትም በዚሁ እግር ነው። ሕመሙ ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳቸው ኦፕራሲዮኑን ተቀበሉ። ችግሩ፣ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የገቡት በጥቅምት፣ የሰሊጥ አጨዳው በተጧጧፈበት ሰሞን መሆኑ ነው። ባለቤታቸው ማሳ፣ ትልቁ ልጅ ከአጫጆች ጋር፣ ሴቷ ልጅ ትምህርት ቤት። በአራተኛው ሳምንት ክራንቹን ከግድግዳ አስደግፈው ምጣዱ ፊት ቆሙ። በማግሥቱም ደገሙት። ኋላ ራጅ ሲነሡ አጥንቱ አልተያያዘም ተባሉ፤ እንደገናም ኦፕራሲዮን ሆኑ።

ለመሆኑ ይህ ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው? ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉትና እግርን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብሉት መገጣጠሚያዎች ሲጣመሙ ወይም ሲያልቁ፣ በአጥንቶቹ ጫፍ ያለው ለስላሳ ሽፋን ይፋቅና አጥንቶቹ ተስተካክለው በብሎን ይታሰራሉ። ጊዜ ሲያገኙም እንደ አንድ አጥንት ሆነው ይያያዛሉ። ሦስቱን መገጣጠሚያዎች በአንድ ጊዜ የማያያዙን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳወቀው ኤድዊን ራየርሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ ልምሻ ያጣመመውን እግር ለማቅናት ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። ታካሚዋ እግሯን ወደ ጎን ማዘንበል ባትችልም ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ቁርጭምጭሚት በዚህ ዓይነቱ ኦፕራሲዮን አይነካም፤ በጠፍጣፋ መሬት ላይም በደንብ ትራመዳለች።

እንግዲህ ብሎኑ አጥንቱን ይዞ ያቆያል እንጂ ሰውነትን ለመሸከም የተሠራ አይደለም። አጥንቱ እስኪያያዝ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐኪሙ ካልፈቀደ እግሩ መሬት አይነካም። አንዲት እናት ለሦስት ወር ያህል ውኃ አትቀዳም፣ አትጋግርም፣ ገበያ አትወጣም ማለት ነው። ይህን ጉዳይ ቤተሰቡ መነጋገር ያለበት እርሷ አልጋ ላይ ከተኛች በኋላ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ከመሄዷ በፊት ነው። ማን ይቀዳል? ማን ይጋግራል? በሌሊት ማን ይነሣል? «እንረዳሻለን» የሚለው የጅምላ ቃል በሦስተኛው ሳምንት ይረሳል፤ ስም ተጠርቶ የተሰጠ ሥራ ግን አይረሳም።

በመተማና በሽንፋ በኩል ላሉ እናቶች ደግሞ ወቅቱም ይታሰብበት። በክረምት ዋልካው ጭቃ ክራንችን ይውጣል። ክረምቱ ሲወጣ አጨዳው ይመጣና ቤት ውስጥ ሰው አይገኝም። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ጀሶ ውስጥ ያለ እግር በላብ ይቃጠላል። እንግዲያስ የታኅሣሥና የጥር ወር ይሻላል፤ መሬቱ ደረቅ ነው፣ የቤት ሰውም ተመልሷል። ቀጠሮ እንደ ልብ አይገኝም ብትሉኝ እውነት ነው፤ ሐኪሙ አይዘግይ ያለውንም ማዘግየት አይገባም። ሆኖም የአካባቢያችሁን ሁኔታ ንገሩት። ጎንደር የተቀመጠ ሐኪም የሰሊጥ አጨዳ መቼ እንደሚደርስ ላያስታውስ ይችላል።

ጎንደር ላይ ዘመድ ያላት ስፌቱ እስኪወጣ፣ ማለትም ሁለት ሳምንት ያህል፣ እዚያው ብትሰነብት መልካም ነው። በገንዳ ውኃና በአይከል የሚያልፈው መንገድ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በጸጥታ ችግር ሲስተጓጎል የታየ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሐኪም መራቅ አያዋጣም።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ከሁሉ የሚያስቸግረው መጸዳጃው ነው። በአንድ እግር ቁጢጥ ማለት አይቻልም። አናጢ ጠርታችሁ የአንድ ጠንካራ ወንበር መቀመጫ መሐሉን አስበሱት፤ ቀን በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ባልዲ ተደርጎ መኝታ አጠገብ ያገለግላል። ከቤት እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ጠጠር ይልበስ። በየሜዳው የሚጎተተው ገመድና የልጆች በርጩማ ይነሣ። ገላ ሲታጠቡ ተቀምጦ፣ ጀሶውም በሁለት ፌስታል ተሸፍኖና ታስሮ መሆን አለበት፤ የራሰ ጀሶ ቆዳን ያቆስላል። ቢበላም እንጨት አስገብቶ ማከክ ክልክል ነው።

በሙቀት ወራት ደጅ መተኛት የአገሩ ልማድ ስለሆነ አልጋው አስቀድሞ ይደላደል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ ከልብ ከፍ ብሎ በትራስ ላይ ማረፍ አለበት። እንዲህ ሲሆን አጎበሩ ከፍራሹ ሥር ወጥቶ ይከፈታልና ሰፋ ያለ አጎበር ይሰቀል። ትኩሳት ቢመጣ «የለመድነው ወባ ነው» ብሎ ኪኒን መዋጥ አይበቃም። የደም ምርመራ ይደረግ፣ ቁስሉም ይታይ፤ ሁለቱም አብረው ሊመጡ ይችላሉና። ባት ሲያብጥና ሲያም፣ የእግር ጣቶች ሲጠቁሩ ወይም ሲደነዝዙ፣ ከጀሶው መጥፎ ሽታ ሲወጣ ወዲያውኑ ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት ከሆነ ለነገ አይባልም፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ክራንቹን ከኦፕራሲዮኑ በፊት መለማመድ ይገባል። ሁለቱ እጆች ስለሚያዙ ስኒ እንኳ ማንሣት አይቻልም፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የጨርቅ ቦርሳና ክዳኑ የሚጠብቅ ፔርሙዝ ብዙ ይረዳሉ። ሲጋራም ሆነ ሺሻ የአጥንትን መያያዝ ስለሚያዘገይ እንግዳም ቢሆን እዚያ ቤት አያጭስ። እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉትን ማስታገሻዎች ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መውሰድም አጥንቱን እንዳያዘገይ ስለሚሰጋ ሐኪም ይጠየቅ። ወጌሻ ደግሞ በዚህ ነገር ቦታ የለውም፤ በብሎን የታሰረ አጥንት አይታሽም። ለምግብ በኩል የሽንፋ ሰው ሩቅ አይሄድም። ተቆልቶ የተወቀጠ ሰሊጥ በካልሲየም የታወቀ ነው። ምስር፣ ወተትና እንቁላል ቢታከልበት ለአጥንት የሚሆነው ሁሉ ከጓሮ ተገኘ ማለት ነው።

የሽንፋዋ እናት ለሁለተኛው ኦፕራሲዮን የሄዱት በጥር ነበር። ሴቷ ልጅ ውኃውን፣ ትንሹ ልጅ ሌሊቱን ተረከቡ፤ የቡናው ሥራ ለእህታቸው ተሰጠ። ምጣዳቸውንም ጎንደር ከመሄዳቸው በፊት ለጎረቤት አወሱት፤ እንጀራውም ለ12 ሳምንት ከዚያው ቤት እየመጣ ተበላ። አሁን ያለ ክራንች ይሄዳሉ። ምጣዱን ግን ጎረቤቲቱ እስከ ተገናኘንበት ቀን ድረስ አልመለሰችላቸውም ነበር።