የአሜሪካ ባለባልጩት ሽጉጥ

በአሜሪካ የጥንት የጦር መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች እጅግ ከሚሹት አንዱ በባልጩት እሳት እየጫረ የሚተኩሰው የወታደር ሽጉጥ ነው። መንግሥታቸው ለጭፍራው ያሠራው የዚህ ዓይነት የመጨረሻው ሽጉጥ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1836 የሚባለው ሲሆን፥ የሠሪው ስምና የተሠራበት ዓመት በጎኑ ብረት ላይ ተቀርጿል። ኋላ በመዳብ ቆብ የሚተኩስ ሽጉጥ ስለ ተለመደ ብዙው ተለወጠ፤ ያልተለወጠው በዋጋ ስለሚበልጥም፥ የተለወጠውን መልሶ ባለባልጩት አስመስሎ የሚሸጥ አታላይ አልታጣም። ገዢው ባሩድ የሚጨመርባት ጽዋ እርጅናዋ ከቀረው አካል ጋር የሚስማማ መሆኑን ይመልከት።

እኛስ ከአታላዩ ይልቅ የምንፈራው የቤተ ሰብን ትጋት ነው። አባት ያወረሰውን ሽጉጥ በአሸዋ የሚፈትግ ሰው ጽሕፈቱን ከነዋጋው ይፍቃል። ደግሞም እንደ ጐረሰ ተሰቅሎ የኖረ አይጠፋምና፥ ከመጠረጉ በፊት ፊትን ከአፈሙዙ አርቆ ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ መስደድ ይገባል፤ እንጨቱ ከእሳቱ ቀዳዳ ሳይደርስ ከቆመ ለጠመንጃ ሠሪ ይሰጥ።