ልጄ በበረዶ ላይ ትነዳለች

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ስለ አውቶሞቢል ነው። «የቤተሰብ አምድ ስለ አውቶሞቢል ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ደብዳቤውን የላኩልን እናት ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም፤ እናት እንቅልፍ ያጣችበት ነገር ሁሉ ደግሞ የዚህ አምድ ጉዳይ ነው።

ልጃቸው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ትኖራለች። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ፎርድ ሙስታንግ ገዛች፤ ቀይ፣ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት በር። በመጀመሪያው በረዶ ዕለት ከሥራ ስትመለስ መብራት ላይ ልትታጠፍ ስትል የመኪናው ጀርባ አመለጣትና እንደ እንዝርት ዞራ ወደ መጣችበት አቅጣጫ ፊቷን መልሳ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። እናትየው የሰሙት ከልጃቸው ሳይሆን ከጎረቤት ልጅ ነው። «ሽጪው ብዬ ልዘዛት ወይስ ዝም ልበል?» ይላሉ።

እህቴ ሆይ፣ ከማዘዝዎ በፊት ነገሩን አብረን እንየው።

በእኛ አገር ክረምት ማለት ጭቃና ጎርፍ ነው። በረዶ ቢጥል እንኳ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ቆይቶ ሳይመሽ ይቀልጣል። የሚኒያፖሊስ ክረምት የሚብሰው እኛ ጥር ላይ ጥምቀትን በፀሐይ ስናከብር ነው። በዓመት በአማካይ ከአንድ ሜትር በላይ በረዶ ይወርዳል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስበት ሌሊት ብርቅ አይደለም። የወረደው በረዶ ቶሎ አይሄድም። ሰው ይረግጠዋል፣ መኪና ይደመድመዋል፣ ሌሊቱን እንደ መስተዋት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨውም ብርዱ ከዜሮ በታች ከ9 ዲግሪ ሲያልፍ ጉልበቱ ይደክማል። እኔ ራሴ አንድ ክረምት እዚያ አገር እህቴ ዘንድ ከርሜ ነበርና፣ ከበሩ እስከ መኪናው ያለውን አሥር እርምጃ ለመራመድ ግድግዳ የያዝሁበትን ቀን አልረሳውም።

አሁን ወደ መኪናው። ሙስታንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፋው በኋላ እግሩ ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም። አዲስ አበባ ያደግን ሁሉ የተሳፈርንባቸው ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎችም በኋላ እግር የሚገፉ ናቸው። ላዳ በ1970 የጣልያኑን ፊያት 124 መነሻ አድርጎ ለሩሲያ በረዶና ለክፉ መንገድ ከመሬት ከፍ ተደርጎ፣ አካሉም ወፍሮ የተሠራ መኪና ነው። ስዊድኖችም ከ1974 እስከ 1993 በተሠራው፣ እንዲሁ በኋላ እግሩ በሚገፋው ቮልቮ 240 ስንት ክረምት ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰዋል።

የሙስታንጉ ችግር ሌላ ነው። ከክብደቱ የሚበዛው ያረፈው ከፊት፣ ሞተሩ ላይ ነው። የሚገፉት እግሮች ያሉት በቀላሉ ወገን ነው። ጉልበቱ ደግሞ ብዙ ነው፤ ከ2011 ወዲህ የወጡት ባለ ስምንት ሲሊንደሮች ከ400 የፈረስ ጉልበት ይበልጣሉ። ስለዚህ ነዳጅ መርገጫውን በጣት ነካ ማድረግ ብቻውን ጎማውን በቦታው ሊያሽከረክረው ይችላል። መታጠፊያ ላይ ይህ ሲሆን የኋላው ከፊቱ ሊቀድም ይፈልጋል። የልጅዎ መኪና የዞረው ምናልባት በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የጎማው ነገር ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሰፋፊ የበጋ ጎማ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲኩ ከ7 ዲግሪ ሙቀት በታች እየደረቀ ይሄዳል፤ በጣም ሲበርድ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የክረምት ጎማ ላስቲክ በብርድም ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ላይ ያሉት በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በመካከሉ የበረዶ ኮከብ ምልክት አለው። መግዛት ያለባት አራቱንም ነው። የኋላው ሁለት ብቻ ቢቀየር መኪናው ይነሣል፣ ነገር ግን የፊቱ መታጠፍና መቆም ያቅተዋል። አንዳንዱ «አራቱም እግር የሚገፋ መኪና ትግዛና ትገላገል» ይላል። እንዲህ ያለው መኪና ሲነሣ ይበልጣል፤ ለመቆም ግን ማንኛውም መኪና ፍሬን የሚይዘው በአራቱም እግሩ ነውና በመጥፎ ጎማ ላይ እሱም ያው ይንሸራተታል።

እህቴ፣ በደብዳቤዎ ግርጌ አንድ ዐረፍተ ነገር አለች፤ ሳያስቡት የጻፏት ይመስለኛል። «ጎማ ለውጪ ሲሏት ከወሩ ገንዘብ አልቀንስም አለች» ይላል። የወሩ ገንዘብ ማለት ለእርስዎ የሚላከው ነው። እንግዲህ ልጅቱ በዚያ መስተዋት ላይ በበጋ ጎማ የምትመላለሰው የእርስዎ ቤት ኪራይ እንዳይጓደል ነው። ይህን አውቀው «ሽጪው» ቢሏት ምን ትመልስልዎታለች? እኔ በበኩሌ ዛሬውኑ ደውለው «የዚህን ወርና የሚመጣውን ወር አትላኪ፤ አራት ጎማ ግዢበት» ቢሏት እመርጣለሁ። ኪራዩን በዕቁብም ሆነ በዘመድ ይወጡታል። መኪናውንማ ትወደዋለች። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አረጋዊ ስታነሣና ስታስተኛ የምታድር ልጅ፣ ንጋት ላይ ደስ የሚላትን ነገር ብትነዳ ምን ክፋት አለው?

ጎማው ከገባ በኋላ የቀረው የአነዳድ ነገር ነው፤ ይህንንም ያንብቡላት። ስትነሣ ነዳጁን በጣም በቀስታ ትርገጥ፤ ማርሹ በእጅ የሚገባ ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ትነሣ። ከፊቷ ካለው መኪና ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ትራቅ። ከመታጠፊያው በፊት እንጂ በመታጠፊያው ውስጥ ፍሬን አትያዝ። የኋላው ካመለጣት ነዳጁን ለቀቅ ታድርግ፤ ዓይኗ መሄድ ወደምትፈልግበት ይሁን፣ መሪውን ጀርባው ወደሸሸበት ወገን በለዘብታ ታዙር። የምትጋጨውን ምሰሶ ያየ ሰው ወደ ምሰሶው ይሄዳል። ፍሬኑ ከእግሯ በታች ቢንቀጠቀጥ አትደንግጥ፣ አትልቀቀውም፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚሠራው ሥራ ነው። መንሸራተትን የሚከላከለውን መሣሪያም በከንቱ አታጥፋው። ድልድይ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት በረዶ ይጋገራልና ቀድማ ትዘግይ።

የዚያ አገር ሰዎች የአሸዋ ከረጢት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከኋላ እግሮቹ በላይ፣ ያስቀምጣሉ። ክብደት ይጨምራል፤ መኪናው ሲሰምጥም አሸዋውን ከጎማው ሥር ይበትኑታል። ከረጢቱ ግን ይታሰር፤ በግጭት ጊዜ ወደ ፊት የሚወረወር ዕቃ ነው። አካፋ፣ ብርድ ልብስና ባትሪ መብራትም አብሮ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ከልብ ልናገር። መኪናው በበረዶ ተቀብሮ ካደረ፣ ሞተሩን ከማስነሣቷ በፊት የጭስ መውጫውን ቱቦ ትጥረግ። ቱቦው ከተደፈነ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ሽታ የሌለው መርዝ በውስጡ ስላለ ሰው ሳያውቀው ያሸልባል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አይሞቅም። በውጭ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እናቶች ደግሞ፣ ሕፃን ወንበሩ ላይ ስታስሩ ወፍራሙን ካፖርት አውልቁለት። ካፖርቱ በግጭት ጊዜ ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። በቀበቶው ላይ ብርድ ልብስ ደርቡለት።

ከተማው በረዶ ለመጥረግ አስቸኳይ አዋጅ ሲያውጅም ታዳምጥ። በመጀመሪያው ሌሊት ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች፣ በማግሥቱ ከሌሎቹ መንገዶች ጥንድ ቁጥር ካለው ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ከጎዶሎው ወገን መኪና መነሣት አለበት። ያላነሣ ይጎተትበታል፤ ቅጣቱም ከጎማ ግዢ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው።

የበጋውን ጎማ አትሸጠውም። ከፀሐይና ከውርጭ ርቆ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ፣ በረዶው ሲለቅ፣ ወደ መኪናው ይመለሳል። እስከዚያው ግን በየሳምንቱ ስትደውልልዎ ከጤናዋ ቀጥሎ የጎማውን ንፋስ ይጠይቋት፤ ብርዱ በጨመረ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።