አመዱ ያው ነው፣ አፈሩ ግን ሌላ ነው



በየሰፈሩ ባለው የጋራ የአትክልት ቦታ ሽማግሌዎቻችን ጎመን፣ ቃሪያና ጤና አዳም ተክለው ማየት ያስደስታል። ስለ አመድ ግን መነጋገር አለብን። ብዙዎቹ እንደ አገር ቤቱ አመድ ይነሰንሳሉ። አስተማሪው ይመጣና ምክንያቱን ሳይናገር በዕብራይስጥ "አሱር!" ብሎ ይሄዳል። አባባ ዝም ይላሉ፤ በማግስቱ ያንኑ ያደርጋሉ። እንዲህ አይሆንም።

አባቶቻችን አልተሳሳቱም። በኢትዮጵያ ደጋ ብዙው አፈር ዝናብ ያጠበው አሲዳማ፣ ማለትም ኮምጣጣ ነው። የእንጨት አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው ኮምጣጤውን ያበርደዋል። የእስራኤል አፈር ግን በአብዛኛው ራሱ ኖራ የበዛበት ነው፤ ፒኤቹ ከ7 በላይ ነው። እዚያ ላይ አመድ ሲጨመር ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን ማስመርመር ነው። አሲዳማ ከሆነ በዓመት አንዴ፣ በካሬ ሜትር ከ100 ግራም ያልበለጠ አመድ ከአፈሩ ጋር ማደባለቅ ይቻላል። ድንች በሚተከልበት ግን ይቅር፤ እከክ ያመጣበታል። ከአሞኒየም ማዳበሪያ ጋርም አይደባለቅ፤ ናይትሮጅኑ ተንኖ ይጠፋል።

አመዱ ከምን እንደመጣም እንጠይቅ። በላግ ባዖሜር ልጆቻችን የሚያነዱት ብዙ ጊዜ የተጣለ ቁም ሳጥንና ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነው። የዚያ አመድ እርሳስና ሌላም መርዝ ሊኖርበት ይችላል። ጎመን አጠገብ አይድረስ።

እኔ ገበሬ አይደለሁም፤ በሙያ ትምህርት ቤት የተማርኩት ብየዳ ነው። እሳትን ግን ከብየዳም ከውትድርናም አውቀዋለሁ። የጠፋ የመሰለ ፍም አመድ ውስጥ ቀናት ሊቆይ ይችላል። ክዳን ባለው የብረት ዕቃ አቀዝቅዙት እንጂ ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡት። ስትበትኑም ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ አመድ እርጥበት ሲነካው ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ጎንደር ያላችሁ ዘመዶቻችን፣ አፈራችሁ ኮምጣጣ ከሆነ ንጹሕ የእንጨት አመዳችሁን አትጣሉት። እዚህ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ ለአባባና ለእማማ "አይቻልም" ብላችሁ አትለፉ። ተቀመጡና ምክንያቱን በአማርኛ አስረዷቸው። ዕድሜውን ሙሉ መሬት ያረሰ ሰው የአፈር ነገር ሲነገረው ከማናችንም ቀድሞ ይገባዋል።

ሰላም ሁኑ።