የወባ በሽታና የአገር ሀብት ዕድገት

የአንድ አገር ሀብት በምን ያድጋል ተብሎ ሲጠየቅ፣ መንገድ፣ ድልድይ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤትና ለገበሬው የሚሰጥ ብድር በየተራ ይጠራሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል ዕድገቱ ይሰናከላል። የሕዝብ ጤና ግን በዚህ ቈጠራ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ተራ ይገኛል፤ አገር ከበለጸገ በኋላ እንደሚገዛ ጌጥ፣ ወይም ለድኾች እንደሚደረግ ምጽዋት ሆኖ ይታያልና። ይህን አቈጣጠር አልቀበለውም። ወባን ለመከላከል የሚወጣው ገንዘብ፣ ለዘርና ለበሬ መግዣ እንደሚወጣው ሁሉ፣ መነሻ ገንዘብ ነው፤ ሊመደብም የሚገባው ከልማቱ ሥራ ጋራ አብሮ እንጂ ከልማቱ በኋላ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት የዘመን መቍጠሪያውን መመልከት ይበቃል። በአገራችን የወባ በሽታ ይበልጥ የሚበረታው የክረምቱ ዝናም ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ኃይለኛው ጐርፍ ሲያቆም ውሃው በየጕድጓዱና በከብት ኮቴ ዳና ውስጥ ሳይቀር ረግቶ ይቀራል፤ ፀሐይም ያሞቀዋል፤ ትንኟም እንቍላሏን ትጥልበታለች። እነዚህ ወራት ደግሞ ሰሊጡ፣ ጤፉና ማሽላው የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ሲደርቅ ተሰንጥቆ ፍሬው ይረግፋል። ሰሊጥ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገቡልን ዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው፤ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ሊያጭደው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የደጋ ሰው ስለ ሆነ፣ ሰውነቱ ከበሽታው ጋራ አልተለማመደም። ትኵሳቱ ሲይዘው እጅግ ይጸናበታል።

አንድ ገበሬ በኅዳር ወር አንድ ሳምንት ቢተኛ የሚጠፋው የሰባት ቀን ሥራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሚስቱ ሥራዋን ትታ ታስታምመዋለች፤ የደረሰው ጤፍ ይረግፋል፤ የአጫጅ ዋጋ በዚያ ወር ከፍ ያለ ስለ ሆነ ይበደራል ወይም በሬውን ይሸጣል፤ በሚመጣው ሰኔም ጥማድ አጥቶ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ግን የሚገኘው፣ አንድ የወባ በሽተኛ ታክሞ ተሻለው የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ይህ በአንድ ቤት የሚሆነው በአገር ደረጃ ሲሆን አይተናል። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ታሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል፤ በተከታዩም ዓመት ወባን ለማጥፋት የተለየ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም በ2024 ዓ.ም. (ይህም በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኞች ተመዝግበዋል። ከምድራችን ስፋት ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ለወባ የተጋለጠ ነው። ሕዝባችን ለዘመናት በደጋው ላይ ተጨናንቆ አፈሩ እስኪታጠብ ድረስ ሲያርስ፣ ለሙ ቈላ ጦሙን ካደረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው በሽታ ነው።

በሌላ አገር የሆነው የፓናማ ቦይ ታሪክ የታወቀ ነው። የፈረንሳይ ኩባንያ ቍፋሮውን በ1881 ሲጀምር ስመ ጥሩ መሐንዲሶችና ታላላቅ መሣሪያዎች ነበሩት። በ1889 ሲከስር ግን በቢጫ ወባና በወባ (ስማቸው ቢመሳሰልም ሁለት በሽታዎች ናቸው) ከ20 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀበት ይገመታል። በሆስፒታሉ ውስጥ ጕንዳን እንዳይወጣባቸው የአልጋዎቹ እግሮች በውሃ ሳሕን ውስጥ ይቆሙ ነበር፤ ትንኟም በዚያው ትራባ ነበር። አሜሪካውያን በ1904 ሥራውን ሲረከቡ ሐኪሙ ጎርጋስ ረግረጉን እያፋሰሰ፣ በረጋው ውሃ ላይ ዘይት እያፈሰሰ፣ መስኮቱን በወንፊት እየሸፈነ ትንኟን ተዋጋ፤ ቦይውም በ1914 ተከፈተ።

በእኛ ዘንድ ይልቁንም የሚያሳስበኝ ልማቱ ራሱ በሽታን ሲጠራ ነው። በ1960 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የተፈጸመው የቆቃ ግድብ ለአገሪቱ ብርሃን ሰጥቷል፤ ነገር ግን ለሐይቁ ቅርብ በሆኑት መንደሮች ወባ ከራቁት ይልቅ እንደሚበዛ በጥናት ተረጋግጧል። ግድብ አይሠራ የሚል የለም። በአሜሪካ በቴኔሲ ወንዝ ሸለቆ የተሠሩት ግድቦች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ውሃቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ እየተደረገ የትንኙ ዕጭ በዳርቻው ላይ ደርቆ እንዲሞት ተደርጓል። ይህን ለማድረግ መሐንዲሱና የጤና መኰንኑ ካርታው ሲነደፍ አብረው መቀመጥ አለባቸው። እኛ ግን የምንጠራው አብዛኛውን ጊዜ ወረርሽኙ ከተነሣ በኋላ ነው። ስለዚህ የመስኖም ሆነ የሰፊ እርሻ ዕቅድ በጀቱ ከመዘጋቱ በፊት ለማፋሰሻ፣ ለአጐበርና ለምርመራ የሚሆን ድርሻ እንዲኖርበት በሕግ ሊታዘዝ ይገባል። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እሰማለሁ፤ ዶዘር ለመግዛት ገንዘብ ያገኘ መሥሪያ ቤት ለአካፋ ሲያጣ ግን ነገሩ አይገባኝም።

ከተማም ከዚህ አያመልጥም። ከእስያና ከዐረብ አገር የመጣች፣ አኖፌሌስ ስቴፌንሲ የምትባል የወባ ትንኝ፣ በ2016 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በቀብሪ ደሀር ተገኝታለች፤ በ2022 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ለተነሣውም ወረርሽኝ ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ ረግረግ አትሻም፤ የምትራባው በውሃ ማጠራቀሚያ፣ በበርሜልና ለሲሚንቶ ሥራ ውሃ በሚጠራቀምበት ጕድጓድ ውስጥ ስለ ሆነ በበጋም ትኖራለች። ከእንቍላል እስከ ትንኝ ለመድረስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ እንግዲህ በርሜሉ ክዳን ይኑረው፣ ክዳን የሌለውም በየሳምንቱ ተደፍቶ ውስጡ ይታጠብ። ክዳኑን የሚያሠራው ግን ዕለተኛው ሠራተኛ ሳይሆን የሕንጻው ተቋራጭ ነው፤ ዋጋውም በውሉ ውስጥ ከአሸዋውና ከብረቱ ዋጋ ጋራ ይጻፍ።